የተኛች እጅ

ለውድ ታናሽ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ጤናሽ እንዴት ነው? የባልሽ ወገብስ ተሻለው? ልጅሽና ትንሿ የልጅ ልጅሽ እንዴት ናቸው? ኦሳካ አሁንም ትሞቃለች ብለሽኛል። እዚህ ሚኔያማ መጸው እንደ ልማዱ ገብቷል፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ረፋድ ላይ ዝናብ፣ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱም ባንድነት። የታጠበ ልብስ በቀን አራት ጊዜ አሰጣለሁ፣ አራት ጊዜ እየሮጥኩ አስገባለሁ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ደረጃ ስወጣ ያቃስታል፣ ስወርድ ይሳደባል። በተረፈ ደህና ነኝ። ለዚህም ኮረብታው ላይ ባለው ቤተ መቅደስም፣ በቤታችን ቡድሃ ፊትም አመስግኛለሁ፤ የትኛቸው እንደሚሠሩ ስለማላውቅ አንዳቸውንም ማስቀየም አልፈልግም።

እናታችን በሳንባ ሕመም ከተለየችን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ለመታሰቢያዋ በኅዳር እንደምትመጪ ጽፈሽ ሳነብ ደስ አለኝ፤ የማኬሬል ዓሣ ፍርፋሪ የተነሰነሰበትን ሩዝ እንደምትወጂው አድርጌ እሠራልሻለሁ። ከዚያ በታች ደግሞ "ማዩን ይዣት እመለሳለሁ፤ ቅርጫቷን አዘጋጂልኝ" ብለሻል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ ቅርጫት ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ልመና አለኝ። እባክሽ ገልጠሽ ቀድመሽ አትይው። አንቺ የታሸገ ነገር አይተሽ እንቅልፍ የማይወስድሽ ሰው ነሽ። ለአባታችን የመጣውን ፖስታ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ከፍተሽ፣ አንብበሽ፣ በሩዝ ሙጫ መልሰሽ ያሸግሽው አንቺ ነሽ፤ የተገረፍኩት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ የዚያን ቀን ዱላ አስቢና በተራ አንብቢ።

በመጀመሪያ ከሹመቴ ልጀምር። ከሐር ምርመራ ቤት በጡረታ ተሰናብቼ በሰላም የተቀመጥኩ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። እነሆ ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ የዚህ መንደር የድመት ሆድ መርማሪ ነኝ። ሹመቱን የሰጠኝ ፉሚዮ ነው። ፉሚዮን መቼም አትረሽውም፤ የማቅለሚያ ቤቱ ልጅ፣ አብሮ አደጋችን። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከድመቱ ከቶራ በቀር የሚጨቃጨቀው ሰው የለውም። አንድ ጠዋት ቶራን በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ይዞ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ገና ቀለም ያልነካው ጨርቅ መስሏል።

"ስምንት ነው" አለኝ።

ምኑ ነው ስምንት ብዬ ጠየቅኩት። ሆዱን ሲያሻሸው በጣቱ መቁጠሩን፣ እብጠቱ በግራ አራት በቀኝ አራት መሆኑን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ማደሩን ነገረኝ። ለቶራ የመቃብር ቦታ ሁሉ መርጧል፤ ከፐርሲሞኑ ዛፍ ሥር። እኔም ድመቱን በጀርባው አስተኝቼ፣ አርባ አንድ ዓመት ሐር እንደመረመርኩት ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ሆዱ ላይ አሳለፍኩ። እውነቱን ነው፤ ስምንት ናቸው። ሁለት ረድፍ፣ እኩል ርቀት፣ ትይዩ ለትይዩ።

"ፉሚዮ፣ ይሄ እኮ ጡት ነው" አልኩት።

"ወንድ ነው እኮ!"

"አንተስ ምንድን ነህ?"

ትንሽ አሰበ። ከዚያ የሸሚዙን አንገት ሳብ አድርጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ዕድሜው ስልሳ አምስት ነው። ከዚህ በላይ አልጨምርም።

ወሬው በሁለት ቀን መንደሩን አዳረሰው። የእንስሳት ሐኪም ያለችው በመኪና አርባ ደቂቃ ርቃ ነው፤ እዚህ ደግሞ መኪና የሚነዳ ዓይን የቀረው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ድመት በቅርጫት፣ ድመት በገበያ ጋሪ፣ ድመት በሽርጥ ታቅፎ ይመጣልኝ ጀመር። በረንዳዬ ላይ ወረፋ ተያዘ። እኔም በምርመራ ቤት ሕግ አስተዳደርኩ፤ ከቀትር በፊት ብቻ፣ በሰሜን መስኮት ብርሃን፣ ባለቤቱ አፉን ዘግቶ። የአኩሪ አተር ቶፉ ሠሪዋ የኪኩኖ ሳን ድመት ሆዷ ተንዠርግጎ ስትሮጥ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ነበር። ይህ የሆድ ቆዳ ነው፣ ሁሉም ድመት አለው፣ የእሷ የተረፈው ቶፉ ስለተረፋት ነው አልኳት። ከጎረቤት ድመት ጋር ተናክሶ የመጣውን፣ እብጠቱ እንደ በሰለ ፐርሲሞን ሞቆ የለሰለሰውን፣ መግል ቋጥሯልና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት አልኩ። ስጫነው ወደ ውስጥ ገብቶ ስለቀው የሚመለሰውን፣ ይህ አንጀት ነው፣ እንዳትዘገዩ አልኩ። ከቀዶ ጥገና የቀረውን የስፌት ቋጠሮም ለየሁ። ልክ እንደ ጨርቁ ነበር፤ የሽመናው የሆነ አለ፣ የአያያዝ የሆነ አለ፣ እንከን አለ።

ከምርመራ ቤት ስወጣ መመለስ "የረሳሁት" ማህተም እንዳለኝ ታውቂያለሽ። ጤነኛ ሆኖ ላገኘሁት ድመት ባለቤቱ ቤት በሚሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ቀለም አተምኩለት፤ "ተመርምሮ አልፏል"። ኪኩኖ ሳን ያንን ገጽ ቀድዳ በመስተዋት አስገብታ ሱቋ ውስጥ ሰቅላዋለች። ሰው ከሐኪም ቃል ይልቅ ቀይ ቀለም ያምናል። አያቶቻችን የሐር ትላቸውን ከአይጥ ስላዳኑላቸው በቤተ መቅደሱ በር ላይ በድንጋይ ያቆሟቸውን ድመቶች ታስታውሻለሽ? አገልጋዩ ደግሞ የእነሱን ሆድ መርምሪልኝ እንዳይለኝ ብዬ በዚያ ማለፍ ትቼ ነበር። በሰዎቹ እያሾፍኩ አይደለም። በማህተሙ ከሁሉም አብልጬ ያመንኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ማዩ፣ ወደ እናታችን ድመት።

እናታችን ነጭና ድቡልቡል ናት ብላ በሐር ትል ጎጆ ስም የጠራቻት ዕለት አንቺም ነበርሽ። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናታችን ከሄደች በኋላ ለአንድ ወር ያህል በቅጡ አልበላችም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የእናታችን መቀመጫ ትራስ ላይ ተጠቅልላ በሩን ታያለች። አንቺ በስልክ "አስመክኗት፣ ይሻላታል" ስትያት እናታችን "ከቤት ለማትወጣ ልጅ! ገላዋ ምን አደረጋችሁ?" ብላ የዘጋችብሽም ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ከአንቺ ጋር አልተስማማሁም። ሳቅኩብሽ።

በዚህ ዓመት ጥር፣ በረዶው መስኮቱ ግማሽ ድረስ በደረሰበት አንድ ቀን፣ ድመት የሚያመጣልኝ ጠፋ። ሥራ ፈት መርማሪ የገዛ ቤቱን ይፈትሻል፤ ማዩን ጭኔ ላይ ገለበጥኳት። ቀኝ አራት። ግራ አራት። በግራ በኩል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል፣ ከመሥመሩ ጣት ያህል ወጣ ብሎ፣ አንድ። ያልተቀቀለ የሩዝ ፍሬ ያክላል። ስጫነው አይሸሽም፣ አይለሰልስም።

በመሥመር ያለ ሽመናው ነው፤ ከመሥመር የወጣ እንከን ነው። ይህንን በምርመራ ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ልጃገረዶችን አስተምሬያለሁ። ጨርቁ ላይ ቢሆን ኖሮ እጄ ሳታስበው ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ታስር ነበር።

እዚህ ላይ እኛ ሠራተኞቹ ብቻ የምናውቀውን አንድ ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያዋ አለቃችን፣ ፊታቸው ፈገግ ሲል ያላየናቸው ሴትዮ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከኋላችን ቆመው በጆሯችን "ዛሬ እጅሽ ትተኛ" ይሉን ነበር። አንዲት ሸማኔ ባሏ ሞቶባት፣ ወይ ልጇ ታሞባት፣ የወሩን ብቸኛ ጣቃ ይዛ መጥታለች፤ ጣቃው ላይ ቋጠሮ አለ፤ ቋጠሮው ግን መቀነት በሚሸፍነው ወይም ስፌት በሚውጠው ቦታ ላይ ነው። እንግዲያው መዳፍሽ በዚያ ላይ ስታልፍ ትተኛለች። ማንም አይናገርም፤ ሸማኔዋም ታውቃለች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ ትሄዳለች። "የተኛች እጅ" ነበር የምንላት። በአርባ አንድ ዓመት ምናልባት ሠላሳ ጊዜ አስተኝቻታለሁ፤ በአንዱም አላፍርም። ጨርቁ ኪዮቶ ሄደ፣ ተቀለመ፣ ተሰፋ፣ ተሞሸሩበት። በዚያ የሞተ የለም። ለምን መሰለሽ? ጨርቅ ላይ ያለ ቋጠሮ አያድግም። ካሳለፍኩት በኋላ ያደገ አንድም ቋጠሮ በዕድሜዬ አላየሁም። እጄ የሠለጠነችው በማያድግ ነገር ላይ ነው።

ማዩን አሳለፍኳት። ተነሥቼ የቤቱ ቀን መቁጠሪያ ላይ አተምኩ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፤ ድመቷም ብርድ አትችልም፤ በረዶው ይቅለጥ አልኩ። በረዶው ቀለጠ። የቼሪው አበባ ይርገፍ አልኩ። ረገፈ። ምክንያት ማግኘት ላይ እኔ ድሮም የሚቀድመኝ የለም።

በግንቦት ቀይ ባቄላ አከለ። በሐምሌ የፕለም ፍሬ አከለ፣ አጠገቡም ታናሽ ወንድም አበጀ። በዚህ ሁሉ መካከል ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የሰው ድመት እያተምኩ አሳልፋለሁ፤ ሰዎቹም እጅ ነሥተው፣ ዱባና የኮመጠጠ ራዲሽ ትተውልኝ ይሄዳሉ። በነሐሴ እብጠቱ ፈነዳ። ማዩ ቀኑን ሙሉ ትልሰዋለች። የእናታችንን ትራስ ገልብጬ አነጠፍኩት፤ ሲቆሽሽ ሌላ ልብስ ደረብኩበት።

ፉሚዮ አንድ ቀን የኮመጠጠ ድቡልቡል ባዲንጃን ይዞልኝ መጣ። ተቀመጠ፣ ትራሱን አየ፣ ጨርቁን ገለጥ አደረገ፣ ዝም አለ። ፉሚዮ ዝም ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ የሚስቱ ቀብር ላይ እንኳ አላየሁም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰሞኑን ነው አልኩት።

"መርማሪ ሆይ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "የኔን ድመት ጡት ዓይንሽን ጨፍነሽ ታውቂያለሽ። የራስሽን ቁስል ዓይንሽ ተከፍቶ አላየሽም?"

 መልሴንም አልጠበቀም፤ ሄዶ ያቺን ትንሽ የጭነት መኪናውን አምጥቶ በሬ ላይ አቆመ። በመንገድ ሁሉ አንድም ቃል አልተናገረም። ማዩም አልተናገረችም። ብቻዬን ስለ አየሩ አወራሁ።

ሐኪሟ ዶክተር ካጊያ ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች። እጇን አየሁት። ጥሩ እጅ ነው፤ በእኔ ጊዜ ብትመጣ ምርመራ ቤት አስቀጥራት ነበር። ማዩን ስትዳስስ እሷም ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከፍታ መቼ እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። ሰሞኑን አልኳት፤ ይህን ቃል በጣም ለምጄው ነበር።

"ሲያገኙት ምን ያህል ነበር?"

"የሩዝ ፍሬ።"

አፌ ቀደመኝ። መርማሪ መጠን ሲጠየቅ መዋሸት አይሆንለትም፤ የዕድሜ ልክ ልማድ ነው። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ።

"እማማ፣ ሰው ወደኔ የሚያመጣው ፕለም ሲያክል ነው። በሩዝ ፍሬ ያገኘ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እጅዎ ድንቅ ነው። ያኔ ቢያመጧት ኖሮ..."

እዚህ ላይ አቆመች፤ ጨዋ ልጅ ናት። እጄ ብዙ ጊዜ ተመስግናለች፣ ከሚኒስቴር በመጣ ሰው ሳይቀር። እንደዚያ ቀን ያመመኝ ምስጋና ግን የለም።

ድመት ላይ እንዲህ ያለው የጡት እብጠት ከዐሥሩ ስምንት ዘጠኙ ክፉው ዓይነት እንደሆነ ነገረችኝ። በልጅነቷ መክና ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጨርሶ ባልያዛትም አለች፤ እንግዲህ በስልኩ ክርክር ያሸነፍሽው አንቺ መሆንሽን በዚህ አስታውቅሻለሁ። ከዚያ ራጅ አነሣቻት። ጥቁሩ ምስል ላይ ሳንባዋን አሳየችኝ፤ የመጀመሪያው በረዶ ሲጀምር በጨለማ የሚታየውን ይመስላል፤ እዚህ አንድ ነጭ፣ እዚያ አንድ ነጭ።

"ከጡት ይነሣና ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው" አለችኝ። "የተለመደ መንገዱ ነው።"

መንገዱን አውቀዋለሁ አልኳት።

"ከዚህ በፊት ድመት ሞቶብዎታል ማለት ነው?"

"ድመት አልሞተብኝም" አልኳት።

 ፉሚዮ መስኮቱን ያይ ነበር።

ቀዶ ጥገናው አሁን ስቃይ ከመጨመር በቀር አይረባትም። የሕመም ማስታገሻ ሰጥታናለች፤ ቁስሉን ጠዋትና ማታ አጥባለሁ። እንዳትልሰው የሚሸፍን ነገር ስለሚያስፈልግ እናታችን በመጨረሻ ከሸመነችው ጣቃ የተረፈውን ሐር አውጥቼ አራት የእግር ቀዳዳ ያለው ሸሚዝ ሰፋሁላት። ስሰፋ መዳፌ አንድ ቋጠሮ ላይ ደረሰች፤ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ። ጠርዙን አየሁ፤ ቀይ ክር የለበትም። ያንን ጣቃ የመረመርኩት እኔ ነበርኩ፤ እናታችን ከወረፋው መጨረሻ ቆማ፣ እኔን እንደማታውቀኝ ሆና፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታኝ ነበር የሄደችው። ማዩ አሁን ያንን ለብሳ የምግብ ቤት አስተናጋጅ መስላ ትንጎራደዳለች። ብታያት ትስቂ ነበር። በኅዳር ትገኝ እንደሆነ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ኅዳር ሩቅ ነው አለችኝ።

ይኸው ስለ ቅርጫቱ ይህን ያህል ነው። እህቴ፣ እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ብዕሬን አስቀምጬ ሁለት ጊዜ ልብስ አስገብቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ አውጥቻለሁ።

አንዲት አሮጊት ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ማታ ማታ እራት ሳይቀርብ በፊት መታጠቢያ ቤት ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ጀርባዋን አጥብላት ነበር፤ እዚህ ቤት የማንን ጀርባ እንዳጥብ መቼም ታውቂያለሽ። ከአራት ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ ወሩ ጥር፣ ዕድሜዋ ሰማንያ አንድ። ጀርባዋን ጨርሼ ውሃ ላፈስስላት ስል በሳሙና የተነከረ እጄን ያዘችና በብብቷ ሥር አሳልፋ ከግራ ጡቷ ጎን አስቀመጠችው።

"አንቺ ታውቂያለሽ። ይሄ ምንድን ነው?"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀይ ባቄላ ነበር። አይሸሽም፣ አይለሰልስም።

ዓይኔን ስከፍት ታየኛለች። ያ ፊት ይገባኛል፤ አርባ አንድ ዓመት አይቼዋለሁ፤ ብቸኛ ጣቃዋን ይዛ የመጣች ሸማኔ ፊት ነው። ሠርጉ በሚያዝያ ነው አለችኝ፤ ሐኪም ቤት አንዴ ከገባሁ አይለቁኝም አለችኝ። የሠርጉን ጥቁር ኪሞኖ ለብሼ ከሙሽራዋ ጋር ፎቶ ካልተነሣሁ ምን አያት እባላለሁ አለችኝ። እኔም ያልፋል አልኳት። "እንግዲያው አትሚው" ብላ ሳቀች። በሳሙናው ጣቴ ደረቷ ላይ አተምኩላት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያች ማታ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ሃምሳ ዓመት ስትሸምን የኖረች ሴት ናት፤ የተኛች እጅ ስትነካት የማታውቅ አይምሰልሽ። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ፤ በዚያች በርጩማ ላይ፣ ራቁቷን፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ።

ሠርጉ አማረ። በልጅሽ ፎቶ ላይ ከአንቺ በስተቀኝ ቆማ የምትስቀውን እያት። ከዚያ በኋላ ሳል እስኪጀምራት አንድ ዓመት በላይ ጥሩ ኖረች። እሷ መርጣለች እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ጠዋት ላይ ይሠራል፣ ማታ ላይ አይሠራም። የመረጠችው እውነት ነግሬያት ቢሆን ነበራ።

በጥር ማዩ ላይ ያንን የሩዝ ፍሬ ሳገኝ ለምን ዝም እንዳልኩ አሁን ይገባሻል። ለድመቷ ሐኪም ያስፈልጋታል ካልኩ፣ ያኔም ያስፈልግ ነበር ማለቴ ነው። ስለዚህ ድመቷ ላይም እጄን ደግሜ አስተኛኋት። አንዲት ነፍስ የሌላዋን ጥፋት እንድትሸፍንልኝ ማለት ነው፤ እሷም ሸሚዝ ለብሳ እየሸፈነችልኝ ነው።

አሁን ልመናዬ።

ምርመራ ቤት ውስጥ ከእንከን ሁሉ የምንፈራው አንድ ነበር። ቋጠሮ የአንድ ቀን ስህተት ነው፤ እዚያው ይቀራል። መሸመኛው ላይ ድሩን የሚለየው ማበጠሪያ አንድ ጥርሱ ከተጣመመ ግን፣ ከዚያ መሸመኛ የወረደ ጣቃ ሁሉ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርቀት፣ ያው እንከን ይወጣበታል። እንዲህ ያለ ስናገኝ ከዚያ መሸመኛ ጨርቅ ወደሄደበት ቤት ሁሉ ፖስት ካርድ እንልክ ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ጣቃዎ ላይ እንከን አለ ማለታችን አይደለም፤ ለዳግም ምርመራ እንዲመልሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ይህ ደብዳቤ ያ ፖስት ካርድ ነው። ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ዘግይቷል።

ከዚያ መሸመኛ ሁለት ጣቃ ወርዷል። አንዱ እኔ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ በፉሚዮ መኪና ከተማው ሆስፒታል ሄጄ ጡቴን ተመርምሬያለሁ። ማሽኑ ኪኩኖ ሳን ቶፉ እንደምትጨምቀው አድርጎ ይጨምቃል፤ ነርሷ እጇ በረዶ ነው፤ ጠቅላላው ከአንድ ሻይ በላይ አይፈጅም። ፉሚዮ ውጭ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ፣ ሰው ሁሉ ሚስትህ እንዴት ናት እያለ ሲጠይቀው፣ አንዱንም እንዳላረመ ሰምቻለሁ፤ እሱን ስትመጪ እንነጋገርበታለን። ውጤቱን ሐኪሟ ነግራኛለች። ለማንም አልነገርኩም፣ ለእሱም ጭምር። ወረቀቱን ቡናማ ፖስታ ውስጥ አድርጌ፣ በሩዝ ሙጫ አሽጌ፣ ከእናታችን ፎቶ አጠገብ አቁሜዋለሁ።

የአንቺን የምርመራ ወረቀት ይዘሽ ስትመጪ የኔን ትከፍቻለሽ። ካልያዝሽ አትከፍቺም። ማንቆርቆሪያውን ደብቄዋለሁ።

ልጅሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ ከአንቺ መሸመኛ የወረደች እሷ ናት። ለባልሽ ምክንያቱን መናገር ካፈርሽ የታላቅ እህቴ እብደት ነው በይው፤ ያምንሻል። አንድ ነገር ብቻ አደራ። መታጠቢያ ቤት ገብተሽ በራስሽ እጅ ዳስሰሽ "ምንም የለም" እንዳትይኝ። የአንቺም እጅ ከዚሁ ቤት የወጣች ናት፤ የምትወደውን ስትነካ ትተኛለች።

ማህተሙን ከድንጋይ ድመቶቹ እግር ሥር ትቼው መጥቼ ነበር። በማግስቱ ፉሚዮ፣ ጣልሽው መሰለኝ ብሎ፣ ጠርጎ አመጣልኝ። አሁን መሳቢያ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። በረንዳው ላይ አሁንም ድመት ያመጣሉ፤ እዳስሳለሁ፣ አላትምም። አጠራጣሪውን ሁሉ ፉሚዮ በመኪናው ያደርሳል። በዚህ ሳምንት ሦስት ወስዷል። አንዷ የሩዝ ፍሬ ነበረች፤ ሐሙስ ዕለት ወጥቶላታል፤ ትድናለች ብለውናል።

ቅርጫቱን አጥቤ ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ማለቴ ዝናብ ላይ። ማዩ ከቆየችሽ ትገባበታለች። ካልቆየችሽ ሸሚዟን ታጥፎ ታገኚዋለሽ። ይህን ስጽፍ እግሬ ላይ ተኝታለች፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

ቤትሽ ሰላም ይሁን፤ ሩዝሽ አይጉደል፤ የልጅ ልጅሽ ሠርግ ላይ አንቺ ራስሽ ጥቁሩን ኪሞኖ ለብሰሽ ለመቆም ያብቃሽ። ከዛሬ ጀምሮ የሚነካሽ እጅ ሁሉ የነቃ ይሁንልሽ።

እጄን ሳላስተኛ የጻፍኩልሽ፣

ታላቅ እህትሽ